ወደ አፈር የሚያወርዱ ሰባት ደረጃዎች

ደግፌ ሞተ ሲሉኝ የደነገጥኩት በመሞቱ አይደለም። እስካለፈው እሑድ ድረስ በሕይወት ኖሮ በመገኘቱ ነው።

የሰማሁት ጀውሃ ላይ ነው። መኪና እየጠበቅኩ ከአንድ ምግብ ቤት ዳስ ሥር ሽሮ እበላለሁ። ከፊት ለፊቴ አንድ የማጀቴ ሽንኩርት ነጋዴ ተቀምጦ ከሹፌር ጋር በስልክ ይጨቃጨቃል፤ ያስጫነው ሽንኩርት በሙቀቱ እየበሰበሰበት ነው። ስልኩን ዘጋና ወደ እኔ ዞረ።

«አዩልኝ አባቴ» አለኝ። «ያ አፈር ቀማሽ ሽማግሌ ቢኖር ኖሮ ‹ከዚያ ማሳ አትግዛ፣ ውሃ የጠገበ መሬት ነው፣ ሽንኩርቱ አይከርምም› ይለኝ ነበር። እሑድ ቀበርነው፤ ማክሰኞ እኔ ከሰርኩ።»

እጄ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ።

«አፈር ቀማሽ? ማን ይባላል?»

«አቶ ደግፌ። የጎጃም ሰው ነው፤ ግን እኛው ዘንድ ነው ያረጀው። ያውቁታል እንዴ?»

«የግራ እጁ አውራ ጣት ጥፍር የለውም?»

«የለውም።»

ጉርሻውን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። እኔ ለዚህ ሰው ነፍስ በየዓመቱ ሻማ ሳበራ ኖሬያለሁ። አርባ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሻማውን ሳበራ እሱ በሁለት መኪና ከሚደረስ አገር ተቀምጦ ሽንኩርት ያስመርጥ ነበር ማለት ነው።

ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት ግን የሚነግራችሁ ማን እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ፤ ምስክር ሳይታወቅ ምስክርነት አይሰማምና። እኔ የሸዋ ሮቢት ግንበኛ ነኝ። ከእኔ በፊት በዚያ ከተማ ውሃ ልክ የያዘ ሰው አልነበረም። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው፤ ሒሳብ የተማርኩት ከጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ዛሬ ዲግሪ ያላቸው ልጆች የገነቡት ሲሰነጠቅ የሚጠሩት እኔን ነው። በወንዙ ዳር ያሠራሁት የድጋፍ ግንብ ስንት ጎርፍ አልፎበት ቆሟል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

እንዲህ የሆንኩትን ሰው መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ደግፌ ነው። ለአንድ መጋዘን መሠረት እያስቆፈርኩ፣ ረዘም ከሳ ያለ፣ ካኪ የለበሰ ሰው ሳይጠራ መጣ። እንደምን ዋላችሁ እንኳ ሳይል ቁጢጥ አለና ከተቆፈረው አፈር ቆንጠር አድርጎ አፉ ውስጥ ከተተ። የቀን ሠራተኞቼ አካፋቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ሰውየው በፊት ጥርሱ አፈሩን አላመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ወደ ጎን እንትፍ አለ።

«ይህ መሬት ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በዚህ ጥልቀት ቤት አይሸከምም» አለኝ።

«ጌታው፣ ይህን ከተማ ማን የሠራው ይመስልዎታል?» አልኩት።

«አላውቅም። ዛሬ ሳምንት ነው የመጣሁት» አለና ሄደ።

ግብርና ቢሮ የተመደበ ሠራተኛ መሆኑን በኋላ ሰማሁ። እልህ ይዞኝ በቆፈርኩት ልክ ገነባሁ። የበልጉ ዝናብ ወረደ፤ የመጋዘኑ የምሥራቅ ግድግዳ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። እኔ የምኮራበት አንድ ጠባይ አለኝ፤ የሚያውቅ ሰው ካገኘሁ አልለቀውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሠረት ከማውጣቴ በፊት ደግፌን እጠራው ነበር።

ምሳ የሚበላው እትዬ ብርቄ ሆቴል ነው። እትዬ ብርቄ ጥርስ የማታስከድን ሴት ነበረች።

«አንተ ሰው» ትለዋለች፣ «ሌላው ሲረገም የሚበላውን አንተ በደመወዝ ትበላለህ!»

«እትዬ ብርቄ፣ የእርስዎን ወጥ ካለ ወቀሳ የምበላው ምላሴ በምን ለምዶ ይመስልዎታል?» ይላታል።

እየሳቀች ሥጋ ትጨምርለታለች። ከተማው ሁሉ «አፈር ቀማሹ» አለው፤ እሱም አልከፋውም። ሲያወራ እጁ ውስጥ ሁልጊዜ ጓል አለ፤ እያፈረሰ፣ እያሸተተ፣ መልሶ እየጨበጠ። አንድ ጊዜ፣ «ምን አስወደደህ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ከብት ሲርበው ይጮህብሃል» አለኝ። «ይኼ ግን ዝም ብሎ ሲያበላህ ይኖርና አንድ ቀን ያቆማል። ያኔ ብትለምነው አይሰማህም። ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል።»

የመጣ በሁለተኛው ወር ከላይ ትእዛዝ ወረደ። በአውራ ጎዳናው ላይ ያለ ከተማ ሁሉ ለአብዮቱ በዓል መናፈሻ ያዘጋጅ ተባለ። ለእኛ የተሰጠን ከአስፋልቱ ዝቅ ያለ፣ እሾህ የወረሰው ቦታ ነበር። ሥራውን የያዘው የአምራቾች ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ ያን ጊዜ ከተማውም ማሳውም በእሱ እጅ ነበር። የፈለገው ቀላል ነገር ነው፤ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ፣ ቀይ አበባ፣ ዙሪያውን ኖራ የተቀባ ድንጋይ። ንድፉን ለደግፌ፣ ድንጋዩን ለእኔ ሰጠን።

ደግፌ ንድፉን በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ ሥሎ ግቢዬ ድረስ ይዞት መጣ። አገላብጬ አየሁት።

«ይኼ መሐሉ ላይ ያለው ምንድነው? ጉድጓድ ነው?»

«ጉድጓድ ነው።»

«ምን ሊገባበት?»

«ሰው።»

ሳቅኩ፤ እሱ ግን አልሳቀም። «ሰው መናፈሻ ሲገባ ቅጠልና አበባ ነው የሚያየው» አለ። «እኔ መጀመሪያ ወደ ታች ላውርደው። አበባው የቆመበትን ዓይቶ በወዲያኛው በኩል ይውጣ።» በአንድ በኩል ሰባት ደረጃ ወርዶ፣ የሰው ቁመት በሚያህል ጠባብ መተላለፊያ አልፎ፣ በሌላው በኩል ሰባት ደረጃ የሚወጣ ነገር ነው የሣለው። አንዱን ግድግዳ በድንጋይ እንድገነባ፣ ሌላውን ራቁቱን እንድተወው ጠየቀኝ። በሕይወቴ ግድግዳ ተው ያለኝ ደንበኛ እሱ ብቻ ነው።

ስንቆፍረው ግን ገባኝ። ራቁቱ ግድግዳ እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ ሆነ። ከላይ ጥቁር፣ የሣር ሥር እንደ ጸጉር የተጠላለፈበት፣ የመሬት ትል መንገድ ያበጀበት አፈር አለ። ከሥሩ ቢጫ ይመጣል። ከቢጫው በታች የሮቢ ወንዝ በጥንት ጊዜ ትቶት የሄደው ጠጠር ብቻ ነው። ደግፌ ክንዴን ያዘና በጥቁሩ ላይ ለጠፈው። ከጣቴ ጫፍ እስከ ክርኔ ልክ ሆነ።

«ይኸው» አለኝ፣ «ከዚህ እስከ ጀውሃ ያለ ሰው ሁሉ የሚበላው ከዚህች ነው። ከሥሯ ያለውን ጠጠር አንተ ትገነባበታለህ እንጂ ማንም አይበላውም።»

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ክንዴን ዝም ብዬ ሳየው አመሸሁ። የስንት ሺህ ሰው ቀለብ እንዲህ ስስ ነገር መሆኑን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

የደረጃውን ድንጋይ ስናስቀምጥ እሱ እየያዘ እኔ እየመታሁ አንዴ ሳትኩ። ጥፍሩ እዚያው ወደቀ። ደሙን አፈር ላይ አፈሰሰና፣ «መዶሻህ ግን ልክ ነው፤ ዓይንህ ነው የሳተው» አለኝ። ሌላ ሰው እንዲህ ቢለኝ እጣላ ነበር።

ሊቀመንበሩ ሊጎበኝ መጣ፤ ጉድጓዱን አየ።

«ጓድ ደግፌ፣ መናፈሻ ነው ያልንህ። የመቃብር ትእዛዝ አልደረሰንም።»

«ኮከቡም አለ ጓድ ሊቀመንበር። ከጉድጓዱ የወጣ ሰው የሚያየው ኮከቡን ነው። ከአርባ መደብ ነው የምሠራው። በታችኛው ማሳ አርባ ቤት ገበሬ አለ፤ እያንዳንዱ ከማሳው አፈር ያምጣና አንድ መደብ ይሙላ፤ ስሙ በቆርቆሮ ይጻፍለት።»

«የሰፊው ገበሬ ኮከብ!» አለ ሊቀመንበሩ፤ ደስ አለው።

ሰኔ ላይ አርባዎቹ እያንዳንዳቸው በጆንያ አፈር ተሸክመው መጡ። ደግፌ እንደ ሠርግ ቀን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ጠበቃቸው። የመጀመሪያውን ጆንያ ፈታ፣ ቆነጠረ፣ ቀመሰ። ፊቱ ተለወጠ። ሁለተኛውን ቀመሰ። ሦስተኛውን። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ከጆንያው ላይ ቁጭ አለ።

«ጨው ነው» አለ። «ሁሉም ጨው ነው። ሁሉም አንድ አፈር ነው።»

ገበሬዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ይህን ከየማሳችሁ አላመጣችሁትም። ከየት ነው?»

ከመሐላቸው አንጋፋው ሸህ ሰይድ ነበሩ። ጺማቸውን እየዳሰሱ፣ «አንተ ልጅ፣ አትቆጣ» አሉት። «ወላሂ አንተን ጠልተን አይደለም። አፈር አምጡ፣ ስማችሁ ይጻፍበታል ስትለን የማንኛችን መሬት እንደሚሻል ለማወቅ መሰለን። ደህናውን አምጥቶ ማሳውን ለማኅበር የሚያስነጥቅ ማን አለ? ስለዚህ ተመካክረን መጥፎውን አመጣን።»

«እሺ፣ መጥፎው የት ነው ያለው?»

«አታውቅም እንዴ? ከማኅበሩ ሽንኩርት ግርጌ። ባዶ እግርህን ብትቆምበት ይቆጠቁጥሃል።»

ደግፌ ሲገረጣ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የማኅበሩን ማሳ ስንት ጊዜ ጎብኝቷል፤ ሁልጊዜ ግን ሊቀመንበሩ በላይኛው ጫፍ፣ በለመለመው በኩል ነበር የሚያሳየው። እኔና እሱ በዚያው ፀሐይ ሄድን። ግርጌው ገብስ ዱቄት የተነፋበት መስሎ ነጥቷል። ሁለት ክንድ ሳንቆፍር ውሃ ፊጭ አለ።

«ሦስት ወር!» አለ ራሱን እየመታ። «ሦስት ወር እዚህ ቁጭ ብዬ! የማኅበሩ የመስኖ ቦይ ውሃ ያስገባል፤ የሚያስወጣው የለም። ውሃው ከሥር ተከማችቶ ሲነሳ ጨውን ይዞ ይወጣል። በዓሉ ላይ ደግሞ ይህንኑ ቦይ ወደ አርባዎቹ ማሳ ለመቀጠል ትእዛዝ ሊፈረም ነው። ካለ ማፋሰሻ ከከፈቱት በሦስት ዓመት አርባውም እንዲህ ይነጣል።»

ነገሩ ያኔ ነው የከበደው። ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ የለም። ለሊቀመንበሩ ነገረው፤ «የማኅበር ማሳ አይታመምም» ተባለ። ስለዚህ መናፈሻው እንዲናገር ወሰነ። ገበሬዎቹን ሰብስቦ፣ «እውነተኛውን አምጡልኝ፤ ስም አልጽፍም» አላቸው። ሸህ ሰይድ የመጀመሪያውን ጆንያ ራሳቸው ተሸክመው ሲመጡ ሌሎቹ ተከተሉ። ለቀይ አበባ የተተወውን የኮከቡን እምብርት ግን በዚያ በነጣው አፈር ሞላው። አፈሩን አብሬው በጋሪ ያመጣሁት እኔ ነኝ። በአርባ አንዱም መደብ በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ማሽላ ተዘራ፤ እኩል ውሃ ጠጣ።

በመስከረም አርባው መደብ ወገብ የሚደርስ ማሽላ አበቀለ። መሐሉ ራሰ በራ ሆኖ ቀረ። ከጉድጓዱ የሚወጣ ሰው ቀና ሲል ፊት ለፊት የሚገጥመው እሱ ነው። ሊቀመንበሩ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ያን መላጣ ቦታ ድንጋይ አንጥፍበት» አለኝ። ድንጋይ የለም፣ ሲሚንቶ አልቋል እያልኩ ቀን ገፋሁ። በዚህ እስካሁን እኮራለሁ።

የበዓሉ ቀን ከአውራጃው አንድ ባለሥልጣን በላንድሮቨር መጡ። ከተማው ሁሉ ወጥቷል። ሰባቱን ደረጃ ወረዱ፤ ራቁቱን ግድግዳ በበትራቸው ነካ ነካ አደረጉ፤ «ጥሩ ነው፣ ትምህርት ሰጪ ነው» አሉ። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ፤ ደረጃው የእኔ ነዋ! በወዲያኛው በኩል ወጡና ቆሙ።

«ይኼስ?»

«እሱ ገና ያልተዘራበት ነው ጓድ» አለ ሊቀመንበሩ ፈጠን ብሎ።

«ተዘርቷል» አለ ደግፌ። «ከሌሎቹ ጋር በአንድ ቀን ነው የተዘራው። አፈሩ የመጣው ከማኅበሩ ሽንኩርት ግርጌ ነው። ማፋሰሻ ሳይቆፈርለት ቦዩ ወደ ታችኛው ማሳ ከተቀጠለ እነዚህ አርባዎቹም እንዲህ ይሆናሉ።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቆነጠረና ራሱ ቀመሰ። በሌላው እጁ ዘግኖ መዳፉን ዘረጋላቸው። «ይቅመሱት ጓድ።»

 በዚያ ዘመን ለባለሥልጣን ወንበር የሚያቀርበው ሰው እንኳ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱ ባለሥልጣኑን አፈር ብላ አላቸው፤ ያውም በሕዝብ ፊት፣ ያውም በበዓል ቀን። እትዬ ብርቄ ከሕዝቡ መሐል «እመቤቴ!» ብላ አፏን ስትይዝ ሰማሁ።

ባለሥልጣኑ መዳፉን ቁልቁል አዩት። «አፈሩ ከማኅበሩ ማሳ ለመምጣቱ ምስክር አለህ?»

ደግፌ ወደ አርባዎቹ ዞረ። አርባውም መሬት መሬት አየ። ስማቸውን በቆርቆሮ ማስጻፍ እንኳ የፈሩ ሰዎች ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ባለሥልጣኑም ተከትለው ዞሩ።

«አንተ ግንበኛው፣ ታውቃለህ?»

እኔ ማንንም ፈርቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። የጎርፍ ውሃ ውስጥ ገብቼ ግንብ አቁሜአለሁ። ሁሉን ነገር አውቃለሁ በማለትም የታወቅኩ ነኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ድምፅ የእኔ አይመስልም።

«አላውቅም» አልኩ።

ደግፌ አልተቆጣም። እንዲያውም ፈጥኖ፣ ቸል ባለ ድምፅ፣ «እሱን ይተዉት። ግንበኛ ነው፤ ስለ አፈር ምንም አያውቅም» አለ። እንዲህ ያለ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም። ያዳነኝም እሱው ስድብ ነው፤ ከእኔ ላይ ዓይናቸውን አነሱ።

«አሻጥር ነው» አሉ ባለሥልጣኑ። ሁለት ሰዎች ደግፌን በግራና በቀኝ ክንዱን ይዘው ከላንድሮቨሩ ኋላ ጫኑት። መዳፉ ላይ አፈሩ እንዳለ ነበር። መኪናው ሲነሳ የበዓሉ ባንድ መምታት ጀመረ፤ ማርሽ እየተመታ ነው ያን ሰው የወሰዱት።

ከወር በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር እትዬ ብርቄ ዘንድ ተቀምጦ፣ «አፈር ቀማሻችሁን ገደሉት» አለን። እርግጠኛ ነህ ወይ ያለው ሰው የለም። ያን ጊዜ ስለ ሞተ ሰው የሚጠይቅ ራሱ ይጠየቅ ነበርና። እትዬ ብርቄ የሚበላበትን ሳህን አጥባ ለብቻው አስቀመጠችው። እኔ ሻማዬን አበራሁ።

መናፈሻው በዚያው ሰሞን ፈረሰ። ጉድጓዱን በፍርስራሽ ሞሉት፤ ሰባቱ ደረጃዎቼ ከነሕይወታቸው ተቀበሩ። ቦዩ እንዲቀጠል ተፈረመ፤ የውሃ መክፈቻ በሩን ግንብ እንድሠራ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። የሲሚንቶ ከረጢቱ ንድፍ ግን እኔ ዘንድ ነበር። ጨውን ካገኘን በኋላ ደግፌ በጠርዙ ላይ ማፋሰሻው የት ተነሥቶ የት ወንዝ እንደሚገባ፣ ስንት ክንድ እንደሚጠልቅ በእርሳስ ሥሎበታል።

ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድኩ። «በታች በኩል ጥልቅ ማፋሰሻ ካልተቆፈረ ግንቤ አይቆምም» አልኩት። «ውሃው ከሥር ይቦረቡረዋል፤ ይፈርሳል። የፈረሰ ለታ ‹ማን አሠራው?› ይባላል እንጂ ማን ሠራው አይባልም።» ዓይን ዓይኔን አየኝ። በአፈር ጉዳይ ማንንም አይሰማም፤ በግንብ ጉዳይ ግን በዚያ አገር ከእኔ ቃል በላይ ቃል አልነበረም።

«ይቆፈር» አለ።

አርባው ቤት ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ። ሸህ ሰይድ ወገባቸውን ይዘው የተወጠረውን ገመድ አዩት፤ እኔን አዩኝ።

«ግንበኛው፣ ይህ ቦይ ለግንቡ ነው?»

«ለግንቡ ነው።»

«ለግንቡ ከሆነማ ጠለቅ እናድርገው» አሉና ቢስሚላህ ብለው የመጀመሪያውን ዶማ መቱ። ሌላ አንድም ቃል አልተነጋገርንም፤ አርባው ሁሉ ግን የማን ቦይ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ማፋሰሻው ዛሬም አለ። የማኅበሩ ግርጌ ነጭ እንደሆነ ቀረ፤ ታችኛው ማሳ ግን ዳነ።

እንግዲህ ጀውሃ ላይ የሰማሁትን ይዤ በማግሥቱ ማጀቴ ሄድኩ። ድንኳኑ አልፈረሰም ነበር። ጎልማሳ ሴት ልጁ ተቀበለችኝ፤ ረዘም ከሳ ያለች፣ ቁርጥ እሱን።

«ከየት መጡ አባባ?»

«ከሸዋ ሮቢት።»

የያዘችውን ውሃ አስቀመጠች። «ከሮቢት ሰው ይመጣል ብለን አልጠበቅንም» አለች።

ሦስት ዓመት ታስሮ መፈታቱን፣ ወደ ሮቢት እንዳትደርስ መባሉን፣ ማጀቴ መጥቶ አግብቶ በትንሽ ማሳ መኖሩን ነገረችኝ።

«እሺ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላስ?» አልኳት። «ይኼ ሁሉ ዓመት! አንድ ቀን እንኳ ብቅ ቢል ምን ነበረበት? በእኛ አዝኖ ነው?»

«በናንተ አይደለም» አለች። «ለሕክምና አዲስ አበባ ስንወስደው በሮቢት ነው የምናልፈው። ከጀውሃ ጀምሮ ጋቢውን ፊቱ ላይ ይጥላል፤ ‹ሮቢትን ስናልፍ ንገሪኝ› ይለኛል። አንድ ጊዜ ምክንያቱን ጠየቅኩት። ‹እዚያ የአርባ ቤት ማሳ አለ› አለኝ። ‹በእልሄ የገደልኩት። ቀስ ብዬ ሰው በሰው ብሄድ ማፋሰሻዋን ያስቆፍሩልኝ ነበር። በሕዝብ ፊት ላሳፍራቸው ብዬ እልህ አስያዝኳቸው። ነጥቶ ላየው አልችልም› አለኝ።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «ማነው ማሳው ሞተ ብሎ የነገረው?»

«ማን ይነግረዋል? እስር ቤት እያለ ቦዩ ተከፈተ ሲባል ሰማ። ቀሪውን ራሱ ያውቀዋል።»

እኔ እሱ ሞቷል ብዬ አልፈለግኩትም። እሱ መሬቱ ሞቷል ብሎ አልመጣም። በመሐከላችን ያለው የሁለት መኪና መንገድ ነው።

«ማሳው አልሞተም» አልኳት። «ማሽላው ሰው ይውጣል። ሽንኩርት ያወጣሉ፣ ማሾ ያወጣሉ፤ መሬቱ ጥቁር ነው፣ አንድ የነጣ ቦታ የለውም። ማፋሰሻው በእሱ ንድፍ ተቆፍሯል። ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ። እኔ...»  ስለ ራሴ ተናግሬ ያልጨረስኩት አረፍተ ነገር ያ ብቻ ነው።

ልጅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ውስጥ ሮጠች። እናቷን በእጇ ስባ መጣች። «አባባ፣ ለእሷም ይንገሩልኝ» አለች።

እንደገና ነገርኩ፤ ማሽላውን፣ ጥቁሩን መሬት፣ ማፋሰሻውን። ባለቤቱ ሳታለቅስ፣ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«መቼ ነው የተቆፈረው?»

«እሱ የተወሰደ ዓመት።»

«እኔን ሳያገባኝ በፊት» አለች። ያየችው ልጇን ነው፤ እኔን አይደለም። «እኔን ሳያገባኝ በፊት!»